ውኃ አምጥተው «አቃጥይ» ይሉኛል

ነሐሴ ነው፤ ምሥራቅ ጎጃም፣ የአንድ ጤና ጣቢያ ጓሮ። የቀረበው ቅሬታ አጭር ነበር፦ የቆሻሻ ማቃጠያው ተበላሽቷል፣ ጎረቤቱ በጭሱ ተማሯል፣ በጀት ተፈልጎ አዲስ ይሠራልን። የአመድ በሩ ተከፍቶ በመቆስቆሻ ሲሳብ የወጣው ግን አመድ አልነበረም። ጠርዙ ብቻ የጠቆረ ሴፍቲ ቦክስ፣ የመርፌ መጣያው ካርቶን፣ ወጣ፤ ሆዱ ተቀዶ መርፌዎቹ ከነሲሪንጃቸው ይታያሉ። ከሥሩ እንደ ማስቲካ የተለጠጠ የግሉኮስ ቱቦ ተከተለ፤ ከዚያም ደሙ እንኳ በቅጡ ያልደረቀ ጎዝ፣ የቁስል ጨርቅ።

ማቃጠያውን የሚያነዱት የጽዳት ሠራተኛ በዕድሜ ታላቅ እህቴን ይሆናሉ። «እትየ፣ ትናንት ምን ያህል ሰዓት ነደደ?» ብላቸው መልስ አልሰጡኝም። ጥግ ላይ ከተከመሩት ቢጫ ፌስታሎች አንዱን አነሡና በእጃቸው መዘኑት፤ ከፍ፣ ዝቅ። «ይኼ የማዋለጃ ነው» አሉ። ሌላ አነሡ፤ «ይኼ የክትባት ክፍል፣ ቀላል ነው»። ሦስተኛውን ሲያነሡት ከውስጡ ቦጭ ቦጭ የሚል ድምፅ ተሰማ። ፌስታሉን እንደያዙ ዞር አሉና፣ «አንተየ፣ ውኃ አምጥተው አቃጥይ ይሉኛል። ውኃ ይነዳል እንዴ?» አሉ።

ከዚያ ወዲህ «ማቃጠያችን አልሠራ አለ» የሚል ደብዳቤ ባየሁ ቁጥር የምትመጣብኝ ይህች ጥያቄ ናት። ጡቡን ከመፈተሽ፣ ጭስ ማውጫውን ከመለካት በፊት ፌስታሉን አንሥቶ መመዘን ይቀላል። ያን ማለዳ ፌስታሎቹን ከፍተን አላየንም፤ መከፈትም የለባቸውም። ግን እጅ ይናገራል።

እርጥቡና ደረቁ

«በደረቅ ጦስ እርጥብ ይነዳል» ይባላል። ማቃጠያ ውስጥ ተረቱ ይገለበጣል፤ በእርጥቡ ጦስ ደረቁም ሳይነድ ያድራል።

ሒሳቡ ቀላል ነው። አንድ ሊትር ውኃ ከክፍል ሙቀት ተነሥቶ እንፋሎት እስኪሆን 2.6 ሜጋ ጁል ያህል ሙቀት ይውጣል። እንፋሎቱ ደግሞ ከቀረው ጋዝ ጋር አብሮ ወደ 800 ዲግሪ ሴንቲ ግሬድ ሲወጣ ሌላ 1.5 ገደማ ይወስዳል። አንድ ኪሎ በደንብ የደረቀ እንጨት ምንም ሳይባክን 16 ሜጋ ጁል ያህል ቢሰጥ ነው። ስለዚህ ግማሽ ግማሽ የቀረባቸው አራት ባለ አንድ ሊትር የግሉኮስ ከረጢቶች ግማሽ ኪሎ ደረቅ እንጨት በልተው ይሄዳሉ። «ግማሽ ኪሎ እንጨት ምን አላት?» የሚል ይኖራል። ጉዳቱ ከእንጨቱ ይልቅ በአመጣጡ ላይ ነው። ከረጢቱ ሙቀት ሲነካው ይቀደድና ያለው ሁሉ በአንዴ ፍሙ ላይ ይፈስሳል። ሙቀቱ በደቂቃዎች ውስጥ ይወርዳል፤ የቀረው ቆሻሻ መንደዱን ትቶ መታፈን ይጀምራል። ጎረቤቱ የሚማረርበት ያ ወፍራም ነጭ ጭስ ይኸው ነው።

በብዙ ጤና ጣቢያ ጓሮ የሚታየው የጡብ ማቃጠያ እንግሊዝ አገር በዴ ሞንትፎርት ዩኒቨርሲቲ የተነደፈው ዓይነት ነው። ሁለት ክፍል አለው። በመጀመሪያው ቆሻሻው ይነዳል፤ ጭሱ በመካከል ባለው ቀዳዳ ወደ ሁለተኛው ያልፍና እዚያ ዳግም ይቃጠላል። ሁለተኛው ክፍል 850 ዲግሪ አካባቢ ካልደረሰ ጭሱ እንደ ገባ ይወጣል። ትንሹ ዓይነት በሰዓት ሊያቃጥል የታሰበው 12 ኪሎ ያህል ነው፤ ያውም ደረቅ። ከ12ቱ አራቱ ውኃ ከሆነ ማቃጠያው ልብስ ማድረቂያ ሆነ ማለት ነው።

ውኃው ከየት ይመጣል? ከተራረፈ ግሉኮስና ሳላይን (በደም ሥር የሚሰጥ የጨው ውኃ)፣ አንዳንድ ቦታ ከእንግዴ ልጅ፣ ከአስታማሚ ምግብም ጭምር። ተኝቶ ለሚታከም ሰው ከቤት እንጀራና ወጥ በሳህን ይመጣል፤ ትርፉ የሚጣለው አልጋው አጠገብ በተገኘው ቢን ነው። አጠገብ ያለው ደግሞ ብዙ ጊዜ ለአደገኛ ቆሻሻ የተለየው ቢጫው ነው፤ በእግር ይከፈታል፣ ክዳኑም ንጹሕ ነው። የተራ ቆሻሻው ጥቁር ቢን በሩ ጋ ነው። ሰው ለሦስት እርምጃ ቀለም አይመርጥም። ሁለቱን ቢኖች ጎን ለጎን ማስቀመጥ ምንም አያስወጣም፤ ግን ሲደረግ የማየው ከስንት አንድ ቦታ ነው። የዓለም ጤና ድርጅት እንደሚለው ከጤና ተቋም ከሚወጣው ቆሻሻ 85 በመቶ ያህሉ ከቤት ቆሻሻ የማይለይ ነው። አደገኛው 15 በመቶ ገደማ ብቻ ነው። ሁለቱ አንድ ፌስታል ውስጥ ከገቡ በኋላ ግን መቶውም አደገኛ ይሆናል፤ ማንም መልሶ ሊለየው አይገባም።

አራተኛው የውኃ ምንጭ በቅን ልቦና የሚሠራ ስሕተት ነው። ጓንቱንና ጎዙን ፌስታል ውስጥ ከመክተታቸው በፊት በረኪና ውስጥ የሚነክሩ አሉ። መገልገያ መሣሪያ ከመታጠቡ በፊት በ0.5 በመቶ ክሎሪን ለ10 ደቂቃ መንከር የተለመደ ነበር፤ 5 በመቶ የሆነውን በረኪና አንድ እጅ፣ ውኃ ዘጠኝ እጅ። ይህም ቢሆን ለመሣሪያ ነበር። ሊቃጠል የተዘጋጀ ጎዝ ሲነከር ውኃ ይሸከማል፤ ላዩ ላይ ክሎሪን ይጨመርበታል። ክሎሪን ያለበት ነገር በአነስተኛ ሙቀት ሲነድ፣ ጋዙም ከ450 እስከ 200 ዲግሪ ባለው ርቀት ቀስ እያለ ሲቀዘቅዝ፣ ዳይኦክሲን የሚባሉት መርዞች ይፈጠራሉ። የግሉኮስ ቱቦውና የደም ከረጢቱ ፒቪሲ ከሚባለው ክሎሪን ያለበት ፕላስቲክ የተሠሩ በመሆናቸው ያው ናቸው፤ እነሱም እሳት ውስጥ ባይገቡ ይመረጣል።

መፍትሔው የሚያሳፍር ያህል ትንሽ ነው። በተኝቶ ታካሚው ክፍል የእጅ መታጠቢያ አጠገብ በገመድ የታሰረ መቀስ ይንጠልጠል። መድኃኒት ያልተቀላቀለበት ግሉኮስ ወይም ሳላይን ሲተርፍ ከረጢቱ ተቆርጦ ፈሳሹ ወደ መታጠቢያው ይደፋል። ደም ያልነካው ባዶ ከረጢት ወደ ጥቁሩ ቢን ይሄዳል፤ የተቆረጠ ስለሆነም ዘይት ወይም አረቄ ተሞልቶበት ገበያ አይወጣም። ደም የነካው ቢጫ ውስጥ ይገባል፤ ቢያንስ ውኃውን ትቶ። የሚንጠለጠለው መቀስ ግን የቁስል መሥሪያው እንዳይሆን።

ሠላሳው ደቂቃ

ቆሻሻው ደረቅ ሆኖም የማይነድበት ጊዜ አለ፤ ያኔ ጥፋቱ ከአነዳዱ ነው። ጡብ ሙቀት እስኪጠጣ ጊዜ ይፈልጋል። መጀመሪያ በደረቅ እንጨት ብቻ ግማሽ ሰዓት ያህል ይነዳል፤ ለማቀጣጠያ ትንሽ ናፍጣ ወይም ነጭ ጋዝ ይበቃል። ከጭስ ማውጫው ጫፍ ጭሱ ጠፍቶ አየሩ ብቻ ሲንቀጠቀጥ ሲታይ የመጀመሪያው ፌስታል ይገባል። ከዚያ በየ10 ደቂቃው ጥቂት ጥቂት። በአንዴ እስከ አፉ የሞላው ሰው አየሩን ይዘጋዋል፤ ጭሱም ይጠቁራል። ነጭ ጭስ ውኃ ወይም ቀዝቃዛ ጡብ ነው፤ ጥቁር ጭስ መጨናነቅ ነው። ይህን የሚያውቅ ሰው ሩቅ ቆሞ ማቃጠያውን ያነበዋል።

ያ ሠላሳ ደቂቃ በበጋ ቀላል ነው። በክረምት ግን እንጨቱ ራሱ ውኃ ነው። በጎጃም ከሰኔ እስከ መስከረም ውጭ የተከመረ ባሕር ዛፍ ይዞ ማቃጠያ ማሞቅ ከንቱ ልፋት ነው። አዊ አካባቢ ደግሞ ዲከረንስ የሚባለው ዛፍ ሞልቷል፤ ለከሰል የሚመረጠው ለዚህም ይሆናል፤ ግን እሱም ከደረቀ ነው። ስለዚህ የማቃጠያ ቤት ዕቅድ ሲወጣ ከማቃጠያው በላይ ቆርቆሮ፣ ከጎኑ ደግሞ የሦስት ወር እንጨት የሚይዝ ደረቅ ቦታ ሊኖረው ይገባል። ጣሪያው ለሠራተኛው ብቻ የተሠራ አይደለም። ዝናብ የጠጣ ጡብ በድንገት ሲሞቅ ውስጡ ያለው እርጥበት እንፋሎት ሆኖ ይሰነጥቀዋል። ስንጥቁ አየር ያስገባል፣ ሁለተኛው ክፍል ይቀዘቅዛል። በሁለት ክረምት ያለቀ ማቃጠያ አይቻለሁ። ጉድለቱ ለግንበኛው ተሰጠ፤ ጣሪያውን ከዕቅዱ የሰረዘው ግን ግንበኛው አልነበረም።

እሳት ውስጥ የማይገቡትን ማወቅም የዚሁ ሥራ ነው። ቫያልና አምፑል የሚባሉት የመድኃኒት ብልቃጦች ታሽገው ከገቡ ይፈነዳሉ፤ በር ላይ የቆመ ሰው ዓይን ያጠፋሉ። ባይፈነዱ ቀልጠው የብረት ወንፊቱን ይደፍኑታል፤ ከታች አየር መግባት ያቆማል። እነሱ ለብቻ ወደ ጠርሙስ ጉድጓድ ይሄዳሉ። የተሰበረ የሜርኩሪ ቴርሞሜትር እሳት ውስጥ ከገባ ሜርኩሪው ተንኖ ከሚያነደው ሰው አፍንጫ ይገባል፤ ክዳን ባለው ብርጭቆ ተይዞ ለብቻ ይቀመጥ። ባትሪና የሚረጭ ጣሳም አይገቡም። ጊዜው ያለፈበት መድኃኒት የሚጠይቀው ሙቀት የጡብ ማቃጠያ የማይደርስበት ነው፤ በዝርዝር ተመዝግቦ ወደሚመለከተው አካል ይላክ። በጓሮ የሚያቃጥሉት አሉ፤ ክኒኑ ሳይሆን ካርቶኑ ነው የሚነደው።

የመርፌው ሳጥን

ሴፍቲ ቦክስ ለአንድ ነገር ብቻ የተሠራ ካርቶን ነው፦ መርፌ ከእጅ ወጥቶ እሳት እስኪገባ ሌላ እጅ እንዳይነካው። ባለ 5 ሊትሩ 100 ያህል ሲሪንጅ ይይዛል። የሚሞላው እስከ ሦስት አራተኛው ነው፤ ከዚያ ይታሸጋል፣ ዳግም አይከፈትም። ሦስት አራተኛ የተባለው በምክንያት ነው። ከዚያ በላይ ሲሞላ የሚጨምረው ሰው በመዳፉ ይገፋዋል፤ መርፌ ወደ ላይ የሚዞረው ያኔ ነው። ሳጥኑን ለመቆጠብ ገልብጦ ሌላ ቦታ አፍስሶ መልሶ መጠቀም ደግሞ የባሰ ነው። አንድ ሳጥን ለማትረፍ መቶ መርፌ ሜዳ ላይ ይበተናል።

መርፌን መልሶ መክደንም ያው ነው። ክዳኑን በግራ እጅ ይዞ መርፌውን በቀኝ የሚያስገባ ሰው ጣቱን ዒላማ አድርጓል። ሳጥኑ መርፌ በሚወጋበት ቦታ፣ በክንድ ርቀት፣ ወለል ላይ ሳይሆን በወገብ ቁመት መቀመጥ አለበት። ለዘመቻ ክትባት ወደ ጤና ኬላ የወጣ ሳጥን ታሽጎ ወደ ጤና ጣቢያው ይመለሳል። በሞተር ብስክሌት ሲጫን ቀጥ ብሎ እንደቆመ ይታሰር፤ በጎኑ ከተኛ ይቀደዳል።

የወጋው መርፌ የታመመ ሰው ደም ካለበት፣ ሄፓታይተስ ቢ ያልተከተበን ሰው ከ100 ጊዜ ቢበዛ 30 ጊዜ ሊይዝ ይችላል። ሄፓታይተስ ሲ ከ100 ቢበዛ ሁለት ሦስቴ፣ ኤች አይ ቪ ከ1000 ሦስቴ ያህል። የተወጋ ሰው ወዲያው በሳሙናና በውኃ ይታጠባል፤ አይጨምቀውም፣ በረኪናም አያፈስበትም። ከዚያ ያሳውቃል። የኤች አይ ቪ መከላከያው መድኃኒት ቢቻል በመጀመሪያዎቹ ሰዓታት፣ ቢዘገይ በ72 ሰዓት ውስጥ ይጀመራል፤ ለ28 ቀን ይወሰዳል። የሄፓታይተስ ቢ ክትባት ሦስት ዙር ነው፤ ዛሬ፣ ከአንድ ወር በኋላ፣ ከስድስት ወር በኋላ። ክትባቱ ሲመጣ ዝርዝሩ ሐኪም፣ ነርስ፣ አዋላጅ፣ ላቦራቶሪ ብሎ ይቆማል። ማቃጠያውን የሚያነዱት ብዙ ጊዜ ከወረቀቱ ጠርዝ ውጪ ናቸው። መርፌውን መጨረሻ ላይ የሚነኩት እነሱ ሆነው ሳለ!

በትክክል ከነደደ በኋላም መርፌው አመድ ውስጥ ይገኛል፤ ብረት አይቃጠልም። ተሐዋሲው ሞቷል፣ ጫፉ ግን ይወጋል። ስለዚህ አመድ በማግስቱ፣ ሲቀዘቅዝ፣ በረጅም መቆስቆሻና በአካፋ ወጥቶ ወደ ተሸፈነው የአመድ ጉድጓድ ይገባል። ጓንቱ ወፍራም፣ ጫማው ቦት።

እትብት የሚቀበርበት

ያ ከማዋለጃ የመጣ ከባድ ፌስታል ለብቻው ቃል ይገባዋል። «እትብቴ የተቀበረበት» የምንለው ዛሬ ለብዙው ልጅ የጤና ጣቢያ ጓሮ ሆኗል፤ ይህን ሳስበው ፈገግ እላለሁ። አንድ የእንግዴ ልጅ ግማሽ ኪሎ ያህል ይመዝናል፤ አብዛኛው ውኃ ነው። እሳት አይበላውም፤ ጉድጓድ ይበላዋል።

ጉድጓዱ ጎኑ በሲሚንቶ ቀለበት የተያዘ፣ ሥሩ ግን ለአፈር ክፍት ሆኖ፣ ክዳኑ የጠበቀ፣ መተንፈሻ ቱቦው ላይ ወንፊት ያለው መሆን አለበት። ከውኃ ምንጭ 50 ሜትር ይርቃል። ሥሩ ከከርሰ ምድር ውኃው ከፍተኛ ደረጃ ቢያንስ 1.5 ሜትር ከፍ ይላል። ስሕተቱ የሚገባው እዚች ላይ ነው። ቁፋሮው የሚካሄደው በጀት በሚለቀቅበትና መሬቱ በሚደርቅበት በየካቲት ወይም በመጋቢት ነው፤ ያኔ ውኃው ሩቅ ነው። በመስከረም ግን ተነሥቶ መጥቷል። በመራዊ ሜዳ በእጅ የተቆፈረ ጉድጓድ ብዙ ሳይርቅ ውኃ ያገኛል፤ እዚያ በመጋቢት መለካት ራስን ማታለል ነው። መሣሪያ አያስፈልግም። የጎረቤቱን ሴት «በመስከረም ገመድሽ ስንት ክንድ ይወርዳል?» ብሎ መጠየቅ ይበቃል። በቢቸና በኩል ያለው ዋልካ ደግሞ ሌላ ጠባይ አለው። በበጋ እጅ እስኪያስገባ ይሰነጠቃል፣ በክረምት ያብጣል። ቀለበት የሌለው ጉድጓድ በመጀመሪያው ክረምት ይናዳል፤ የጎርፍ መመለሻ ቦይ ከሌለው ደግሞ ሞልቶ ይፈስሳል።

ፌስታልና ጓንት ውስጡ አይጣልም፤ አይበሰብስም፣ ጉድጓዱን ያለ ዕድሜው ይሞላዋል። በረኪናም አይፈስበትም። ሽታ ያጠፋል ብለው የሚያፈሱ አሉ። የሚያበሰብሱት ጥቃቅን ነፍሳት በበረኪናው ሲያልቁ የገባው ሁሉ እንዳለ ይቀመጣል፤ ሽታው በሳምንቱ ተባብሶ ይመለሳል። ቤተሰብ ወስጄ በደጄ ልቅበር ሲል ብዙ ቦታ ይከለከላል። እኔ በዚህ አልስማማም። ውኃ በማያፈስ ዕቃ ታሽጎ፣ ጥልቅ ተቆፍሮ ከተቀበረ፣ ከሞላ ጉድጓድ የተሻለ ቦታ አገኘ።

ስለ ከፍታው

እሳትን ትቶ በእንፋሎት ማምከን ወደፊት የምንሄድበት መንገድ ነው። አውቶክሌቭ፣ በታመቀ እንፋሎት የሚያመክነው መሣሪያ፣ ያላቸው ሆስፒታሎች ይህን ሲጀምሩ አንድ ነገር ያስቡበት። በባሕር ጠለል የጌጁ፣ የግፊት መለኪያው፣ ቀስት 15 ፒኤስአይ (የግፊት መጠን) ሲነካ ውስጡ ለማምከን የሚፈለገው 121 ዲግሪ ነው። ደብረ ማርቆስ 2,400 ሜትር ገደማ ላይ ናት፤ ውኃ የሚፈላው በ92 ዲግሪ አካባቢ ነው። እዚያ 15 ላይ የቆመ ቀስት የሚሰጠው 117 ገደማ ብቻ ነው። በየ300 ሜትሩ ግማሽ ፒኤስአይ መጨመር ያስፈልጋል፤ ደብረ ማርቆስ ላይ ወደ 19፣ ባሕር ዳር ላይ ወደ 18። መሣሪያው ያንን ግፊት መቻሉ በመመሪያው ይረጋገጥ። በሙቀት የሚቆጣጠር ከሆነ ግን ጌጁን ትቶ ቴርሞሜትሩን ማመን ነው። ከሥልጠና ወረቀት የተገለበጠች «15» ተራራ ላይ አትሠራም።

ፌስታሉ ላይ የተጻፈው

የአደገኛ ቆሻሻ አያያዝና አወጋገድ ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 1090/2010 ኃላፊነቱን የሚጥለው ቆሻሻውን ባመነጨው ላይ ነው። በጤና ጣቢያው ግቢ ውስጥ ግን ሁሉም ነገር ተንከባልሎ መጨረሻው ላይ ካለችው ሴት እጅ ይወድቃል። ጭሱ ሲበዛ የምትጠራው እሷ ናት፤ ቆሻሻው ሳይነድ ሲያድርም እሷ። ከልጆቿ የማይበልጥ ባለሙያ «አቃጥይ» ሲላት «ይኼ አይነድም» የማለት መብት የላትም። መብቱ ቢሰጣት ግን ከማንኛውም ሥልጠና በላይ ይሠራል ብዬ አምናለሁ።

አሠራሩ ይህን ይመስላል። ፌስታል ከክፍሉ ሲወጣ አፉ ታስሮ በማርከር የክፍሉ ስምና ቀኑ ይጻፍበታል። በበጋ ሙቀት ከ24 ሰዓት፣ በብርድ ወቅት ከ48 ሰዓት በላይ አይቆይም። ማቃጠያው ጋ ሲደርስ በእጅ ይመዘናል። ቦጭ ካለ ወይም ከሥሩ ከተንጠባጠበ ሳይፈታ በባልዲ ተደርጎ ወደ ጻፈው ክፍል ይመለሳል፤ ተረኛዋ ነርስ ፈርማ ትቀበላለች። ፊርማው ላይ ጭቅጭቅ ይነሣል፤ ይነሣ። ለሁለት ሳምንት ያህል የሚመለሰው ይበዛል። ከዚያ አንድ ሰው መቀሱን ያንጠለጥላል።

ያን ማለዳ ሦስተኛው ፌስታል ላይ ምንም አልተጻፈም ነበር። እትየ ግን ከክብደቱ አውቀውታል፤ አነሡትና በሣሩ መካከል ወደ ተኝቶ ታካሚ ክፍል ይዘውት ሄዱ።